ዳኛው የቆመበት ቦታ

«ይሄ በረኛው ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ የጠጣበትን የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ። ጎንበስ ብሎ ከመሬት የለስላሳ ቆርኪ አነሣና ከብርጭቆው ጀርባ አስቀመጣት። «ይቺ ደግሞ ኳሷ። መስመሩ ይሄውላችሁ፣ ይሄ የጠረጴዛው ስንጥቅ። እስቲ አሁን ገብታለች አልገባችም?»

«አንተው ራስህ አይደለህ እንዴ ያስገባሃት?» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ጡረተኛ። «በእጅ የገባ ጎል ደግሞ አይጸድቅም።»

ሳቅ ተነሣ። ወዲያው ግን የተቀመጡት ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላቸውና ሳቁን በሳል ለወጡት። የሟቹ ልጅ ፔርሙዝ ይዞ ከጀርባቸው ቆሞ ነበር።

«ሻይ ልጨምር?» አለ።

«ኧረ ተቀመጥ፣ ዘጠኙ» አለው ፀጉር አስተካካዩ፣ ቆርኪዋን በመዳፉ ሸፍኖ። «ምንም አይደል፤ እንዲያው... አባትህን እያነሣን ነው።»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

የሠፈሩ ሰው ዛሬም ዘጠኙ ይለዋል። ዘጠኝ ቁጥር ማልያ ለብሶ ሲሮጥ የነበረው ልጅ ዛሬ ጠጉሩ ሸበት ያለ፣ በሌላ ከተማ የሚኖር የመሬት ቀያሽ ነው። አባቱን ደግሞ ሁሉም ዳኛው ይለው ነበር። ፍርድ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ የሥራ ቀኑን ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ ይውላል፣ እሑድ እሑድ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሠፈር ጨዋታ ያጫውታል። «ሁለቱም አንድ ሥራ ነው፤ ስሕተት ፍለጋ» ይል ነበር ስለ ራሱ ሲቀልድ።

እነዚህ ሰዎች በቆርኪና በብርጭቆ የሚከራከሩበትን ጎል ያስቆጠረው ልጁ ነው። የሻረው አባቱ። የዋንጫ ጨዋታ ነበር፣ ባዶ ለባዶ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው። ዘጠኙ ከቅርብ መታ። በረኛው ወደቀባት። ግማሹ ሜዳ «ጎል!» ብሎ ጮኸ፤ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ እጁን ወደ በረኛው ዘረጋ፤ የበረኛ ኳስ። ከዚያ የዘጠኙ ቡድን በመለያ ምት ተሸነፈ። ልጁ ማልያውን አውልቆ አባቱ እግር ሥር ጣለና «ገብታለች! በዓይኔ አይቻለሁ!» አለ። አባትየው «አልገባችም» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ልጁ ትምህርቱን ለመቀጠል በሚል ከተማውን ለቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሰላምታ አላቋረጡም። ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ስልኩ በእናትየው እጅ ሲገባ ነው ወሬ የሚጀመረው።

«እኔ የመስመር ዳኛ ነበርኩ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ልጁ ፔርሙዙን ይዞ ሲርቅ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይቺን ታህል ገብታለች።» ክንዱን እስከ ክርኑ አሳየ።

«አምና ስንዝር ነበረች» አለ ጡረተኛው። «ከዚያ በፊትማ ጣት ነበረች። ኳሷ ገና እየተንከባለለች ነው መሰለኝ።»

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ሴቶች የሚያንሾካሹኩት ሌላ ነገር ነው። «አይተሽዋል? ከመጣ ጀምሮ ዓይኑ አልረጠበም። ሻይ ያዞራል፣ ወንበር ያነሣል፣ ይጥላል፤ ለአባቱ ግን አንዲት ዘለላ እንባ!»

«ቂም ነው እቴ። ቂም እንባ ያደርቃል።»

ሰምቷቸዋል። ቂም ነው ብሎ ራሱም አስቦት ነበር። ግን ቂም ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ቂም ቢያንስ ይታወቃል። እሱን የያዘው አለማወቅ ነው። ሬሳው ሲወጣ፣ አፈሩ ሲመለስ፣ በልቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚመላለሰው፤ አይቶ ነው የከለከለኝ? ልጄ ስለሆነ አድልቶ ነው እንዳይባል፣ የገባችውን ኳስ እያየ አልገባችም አለ? እንዲያ ከሆነ ለስሙ ብሎ ልጁን የሸጠ ሰው ነው የቀበረው። በእውነት እንዳልገባች አይቶ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ምንም አልበደለም፤ ያን ሁሉ ዓመት የበደለው ልጁ ነው። ለየትኛው ሰው ያልቅስ?

ወጥ ቤት ውስጥ እህቱ ብርጭቆ ታጥባለች።

«ነገ መጨረሻው ቀን ነው» አለችው፣ ዞር ሳትል። «ሰዉ ሳይበተን ከቤተሰብ አንድ ሰው ስለ አባባ መናገር አለበት። አንተ ነህ የምትናገረው።»

«አንቺ ተናገሪ።»

«በኩሩ ማን ሆኖ ነው?»

«ምን ብዬ ልናገር?»

«እውነቱን።»

«የቱን?»

እጇን በሽርጧ ጠረገችና ዞረች። «እኔ የማውቀው ሰው ጠዋት ጠዋት ጫማዬን አሥሮልኝ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ ነው። ከአፌ እየነጠቀ ቃል ያርምብኛል፣ ሳለቅስ ደግሞ አብሮኝ ዓይኑ ይሞላል። ይሄ ውሸት ነው?»

«አይደለም።»

«በቃ እሱን በላ!»

«እሱ ያንቺ ነው። ስሚ፣ ሁለት ጎረቤት በድንበር ተጣልተው ሲጠሩኝ፣ ሁለታችሁም በየዓይናችሁ ልክ ናችሁ ብዬ አልሄድም። እለካለሁ። ድንበሩ ያለው አንድ ቦታ ነው።»

«ታዲያ ለካዋ!» አለችው፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ጠበቅ አድርጋ አስቀምጣ። «ሜትርህን አምጣና አባታችንን ለካው። ስትጨርስ ስንት እንደመጣ ንገረኝ።»

ተቆጥታ እንደተናገረች ገባት መሰለ፣ ትንሽ ቆይታ ትከሻውን በእርጥብ እጇ ነካ አደረገችው። ሁለቱም ብርጭቆ ማድረቅ ጀመሩ።

ሲያደርቅ የትዝታው መስኮት ተከፈተ። ልጅ ሆኖ የጎረቤት መስተዋት ተሰብሮ ነበር። አባቱ ከሥራ ሲመለስ ሁሉም ልጆች በረድፍ ቆመዋል። «ማን ሰበረ?» ሲል ዘጠኙ ፈጥኖ «የባለሱቁ ልጅ ነው!» አለ። አባቱ ፊቱ ተቀመጠ። ልጁ ቀይ ቀለም የነካውን የአባቱን ጣት አየ፤ ማተሚያ ቤት ስሕተት የሚከብበት ቀይ ቀለም ነው።

«ሲሰብር አየኸው?»

«ሲሮጥ አየሁት።»

«መሮጥና መስበር አንድ ነው?»

«እሱ ካልሰበረ ለምን ይሮጣል?»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ያየኸውን ብቻ ንገረኝ። ያሰብከው የራስህ ነው፣ ያየኸው ግን የሁላችን ነው።»

ሰባሪው ሌላ ልጅ ሆኖ ተገኘ። አባቱ አልገረፈውም። የባለሱቁን ልጅ ይቅርታ ጠይቆ እንዲመጣ ብቻ ላከው፤ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀውና ራሱን ዳሰሰው። ይህን ሰው ነው እንግዲህ ያ ሜዳ የነጠቀው። ያየኸውን ብቻ ያለ ሰው ያየውን ሸሽጎ ይሆን? ከሸሸገ የመስተዋቱም ነገር፣ በሩ ላይ መቆሙም፣ ሁሉም ይበላሻል።

ከሰዓት በኋላ የሠፈሩ በያጅ መጣ። ያኔ በረኛው እሱ ነበር፤ ኳስ አያልፈውም ተብሎ ግድግዳ የሚል ስም ወጥቶለታል። አሁን ወፍሮ፣ የብየዳ ብልጭታ እጁን አጠቃቅሶት፣ ወንበሩን ሞልቶ ተቀመጠ። በያጁ ካለቀሰና እናትየውን ካጽናና በኋላ ልጁ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደው።

«ግድግዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ለቅሶ ላይ ነን፤ እንዳትዋሸኝ።»

«አወቅሁ» አለ በያጁ። «ሚስቴ ሳትቀር ስታገባኝ ጠይቃኛለች።»

«ከሁላችንም ለኳሷ ቅርብ የነበርከው አንተ ነህ። ገብታለች?»

በያጁ ወደ ግቢው አየ፤ ቅርብ የሚሰማ ሰው አልነበረም። «በሕይወቴ ሙሉ አልገባችም ስል ኖሬያለሁ። ለልጆቼ ሳይቀር እንዴት እንደያዝኳት አሳይቻለሁ፤ ሳሎን ውስጥ ወድቄ! ግን...» ሳቅ አለ፤ ሳቁ የደስታ አልነበረም። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«ምን?»

«አንተ ስትመታ ማን ዓይኑን ይገልጣል? አፍንጫዬን የሰበርከው የዚያው ዓመት አይደል? ጨፈንኩ፣ ወደቅሁ፣ ስገልጥ ኳሷ እጄ ላይ ናት። መስመሩ ከበታቼ ይሁን ከፊቴ እኔ ምን አውቃለሁ። ፊሽካው ሲነፋ የበረኛ ኳስ ነው ተባለ፤ ተመስገን ብዬ ተነሣሁ።»

«ታዲያ ለምን አየሁ አልክ?»

«መጀመሪያ ላይ አየሁ አላልኩም፤ አልገባችም ነው ያልኩት። ሰው እየደጋገመ ሲጠይቅ አየሁ ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ደግሞ እውነትም አየሁ! አሁን ዓይኔን ጨፈን ባደርግ ኳሷም መስመሩም ቁልጭ ብለው ይታዩኛል። ስታስበው አያስቅም? ጨፍኜ የነበርኩት እኔ ነኝ እኮ።» ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «አባትህ ግን ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። እሳቸው አልገባችም ካሉ አልገባችም ብዬ ነው ልቤን ያሳረፍኩት። ከሳቸው በቀር ያየ ሰው የለም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«አዎ፣ አንተ አይተሃል» አለ በያጁ ለስለስ ብሎ፣ ከሐዘንተኛ ጋር ላለመከራከር።

በያጁ ከሄደ በኋላ ልጁ አጥሩ ጥግ እንደቆመ ቀረ። እናቱ ጥቁር ሻሿን እያስተካከለች ወደ እሱ ስትመጣ አላያትም።

«አገሩን ሁሉ ጠየቅህ» አለችው። «ፀጉር አስተካካዩን በዓይንህ፣ በረኛውን በአፍህ። እኔን አልጠየቅኸኝም።»

«አንቺ የለሽበትም፣ እማዬ። ያን ቀን ሜዳ አልመጣሽም።»

«ያን ቀን አልመጣሁም። በማግስቱ መጥቻለሁ።»

ዞሮ አያት።

«ና ውሰደኝ» አለች።

«የት?»

«ሜዳው ድረስ። ሰዉ ምሳውን በልቶ አሸልቧል፤ ማንም አይፈልገንም።»

«ሐዘን ላይ ተቀምጠሽ? ምን ይላሉ?»

«ይበሉ። ባሌን ስቀብር ያወሩ ሰዎች እግሬን ላፍታታ ብወጣ ቢያወሩ ምን ይጨምርብኛል?»

ክንዷን ያዘ። በጓሮ በር ወጡ፣ የተዘጋውን ወፍጮ ቤትና የትምህርት ቤቱን አጥር አልፈው ሄዱ። እናቱ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። ሜዳው ባዶ ነበር። ሣሩ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ቀርቷል፣ መካከሉ አፈር ነው፤ የጎሉ ቋሚዎች ዝገዋል። የኖራው መስመር ጠፍቷል። ለእሱ ግን አልጠፋም። ከአንዱ ቋሚ እስከ ሌላው ያለው መስመር ቀለም አይፈልግም፤ ሁለት ነጥብ ካለ መስመር አለ።

«አንተ እዚያ ሂድ» አለችው በእጇ እያሳየች። «ከሜዳው ዳር የቆመውን የውሃ ታንከር ከጀርባህ አድርገው። አሁን ወደ ግራ። ትንሽ ወደፊት። እዚያ! አባትህ የቆመበት እሱ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«እሱ እዚያ ቆሞ እኔን እዚህ አቁሞኝ ነበራ! በማግስቱ፣ ሰው ሥራ ላይ ሳለ። በሕይወቱ አንድ ቀን ከሥራ የቀረው ያን ቀን ነው። የጎረቤት ልጆችን ኳስ ተውሶ መጣና ‹ነይ በረኛ ሁኚልኝ› አለኝ። ያበደ ነው የመሰለኝ። ‹ተጋደሚ፣ ተነሺ፣ ወደ ቀኝ፣ ኳሷን ከኋላሽ፣ ኳሷን ከፊትሽ›፤ ቀሚሴ በአፈር እስኪበላሽ አስነሥቶ ጣለኝ።»

ይህን እያለች ጎሉ መካከል ደረሰች። ኳስ አልነበረም። ወገቧን ይዛ ጎንበስ አለችና አንድ እግር ጫማዋን አውልቃ ከመስመሩ ወዲያ አስቀመጠችው፤ ራሷ ከመስመሩ ወዲህ፣ በረኛው በወደቀበት በኩል ቆመች።

«ትታይሃለች?»

ታየችው። ጥቁሯ ጫማ፣ የተበላው ተረከዟ፣ በጫማዋና በቋሚዎቹ መስመር መካከል ያለው ስንዝር የማትሞላ አፈር፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ታየው።

«ትታያለች» አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «እንግዲያው አይቷል! ከዚህ የማይታይ ነገር የለም፣ እማዬ! እያየ ነው የከለከለኝ!»

እናቱ አልተቆጣችም። «እኔም ያልኩት እሱን ነው። ‹ከዚያ ከታየህ አይተሃል ማለት ነው፤ ልጄን ለምን በደልከው?› አልኩት። እንደዚህ እንዳንተ ጮኼ ነው ያልኩት። እዚያ አንተ የቆምክበት መሬት ላይ ቁጭ አለ።»

«ምን አለሽ?»

«‹አንድ የሚጋርድ ነገር ፈልጌ ነበር› አለኝ። ‹የሰው ጀርባ፣ የበረኛው ትከሻ፣ ምንም። ቢጋረድብኝ ኖሮ ለልጁ እነግረው ነበር። የሚጋርድ ነገር የለም፤ እኔ ግን ኳሷን አላየሁም› አለ። ‹እንዴት አላየህም?› አልኩት። ‹ልጁን ነበር የማየው› አለኝ።»

ነፋስ ተነሥቶ አቧራውን ትንሽ በተነው። እናቱ ሻሿን ያዘች።

«‹መትቶ ሲዞር ፊቱን እያየሁ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለው! ዳኛ መሆኔን ረሳሁት። ወደ ኳሷ ስመለስ በረኛው ታቅፏታል። ያላየሁትን ጎል መስጠት አልችልም› አለኝ። ከዚያ በኋላ ፊሽካ አልነካም። ሰዉ ስድቡ አሸንፎት ነው ይላል።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ምን ይበልህ? አልገባችም የሚለው ቃል አንዴ ከአፉ ወጥቷል። ያየኸውን ብቻ ተናገር እያለ ያሳደገህ ሰው፣ አንድ ቀን ያላየውን ተናገረ። በዚያ ላይ አንተ በዓይኔ አይቻለሁ ትላለህ። የሚያይ ልጅ ፊት የማያይ አባት ምን ብሎ ይቆማል? አፈረ ልጄ። አስምሎኝ ነበር። በሕይወት ሳለ ምሥጢሩ የሱ ነው፤ አሁን የኔ ሆነ፣ ለወደድኩት እሰጣለሁ።»

«አልዞርኩም» አለ ልጁ።

«ምን?»

«መትቶ ሲዞር አልሽ። እኔ ኳሷን እያየሁ ነበር። እስክትገባ ድረስ...»

አልጨረሰውም። አንድ ነገር መጣበት። በአእምሮው ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ የኖረ፣ የየትኛው ቀን እንደሆነ የማያውቀው የአባቱ ፊት አለ። ፊሽካው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አፉ ትንሽ ከፈት ብሏል፣ ዓይኑ ሊስቅ ደርሷል፤ ከጀርባው የውሃ ታንከር። የሆነ የልጅነት ቀን ነው ብሎ ትቶት ነበር። ልጅ ሳለ ግን ታንከሩ አልተሠራም። የተሠራው የዋንጫው ዓመት ነው። ያን ፊት ለማየት ደግሞ ጀርባን ለጎሉ መስጠት ያስፈልጋል።

ቀያሽ ነው፤ ሁለት ነጥብ ሲያገኝ መስመሩን ያውቃል። ከጎሉ አፍ እስከዚህ ቦታ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነበር። በአንዱ ጫፍ እሱ፣ በሌላው ጫፍ አባቱ። ኳሷ እዚያ መስመር ላይ አልነበረችም።

«ዞሬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እማዬ፣ እኔም አላየሁም።»

እናቱ መሬት ላይ ወዳለው ጫማዋ አየች።

«ታዲያ ገብታለች ወይስ አልገባችም?»

«እኔ እንጃ» አለች። «ከሁለት አንዱን ሆናለች። ሁለቱንም ልትሆን አትችልም። ኳሷ ታውቃለች። ልታዩዋት የሚገባችሁ ሁለታችሁ ግን ትተያዩ ነበር፤ ምን ይደረጋል?»

ቦታውን ለመልቀቅ እግሩ እንቢ አለው። ከዚያ ሜዳውን አቋርጦ ወደ እናቱ ሄደ። አንድ እግሯ በካልሲ ብቻ አፈሩ ላይ ነበር፤ ጣቶቿን ከብርዱ ሰብስባቸዋለች። ጫማውን ከመሬት አነሣ። አፈሩን በእጅጌው ጠረገው፣ ውስጡን አራገፈው፣ በጉልበቱ ተንበረከከ። እናቱ ላለመውደቅ ሁለት እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች። እግሯን አስገባላትና ማሠሪያውን ቆለፈው። ከቆለፈው በኋላ ግን አልተነሣም፤ ቁርጭምጭሚቷን እንደያዘ ቀረ፣ ካልሲዋም ከላይ በሚወርደው ጠብታ መርጠብ ጀመረ።